ሁለት መርፌዎች አብረው ሲሳሳቱ

አሮጌ መኪና የሚነዳ ሰው ብዙውን ጊዜ ከዳሽቦርዱ ጋር ተስማምቶ ይኖራል። «የነዳጁ መርፌ ሩብ ላይ ከደረሰ ባዶ ነው ማለት ነው»፤ «የሙቀቱ መርፌ ከመሃል ከፍ ቢል አትደንግጥ፣ ድሮም እንዲሁ ነው»፤ «ፍጥነቱን ከሞተሩ ድምፅ እወቀው»። መኪና ሲሸጥም ሻጩ ይህን ምክር ከቁልፉ ጋር ለገዢው ያስረክባል። እኔ ይህን ስምምነት ፈጽሞ አልወደውም። መለኪያ የተሠራው በዓይናችን የማናየውን እንዲነግረን ነው። በግምት እያረምን የምናነበው ከሆነ፣ ግምቱ የሚያገለግለው ስህተቱ ባለበት እስከቆየ ድረስ ብቻ ነው፤ የተበላሸ ነገር ደግሞ ባለበት አይቆይም።

መለኪያ እንዲያው በዘፈቀደ አይሳሳትም። ስህተቱ መልክ አለው። ሁልጊዜ ከፍ ብሎ ያነባል ወይስ ዝቅ ብሎ? ሞተሩ ሲሞቅ ይለወጣል? የፊት መብራት ሲበራስ? ብቻውን ነው የሚሳሳተው ወይስ ከጎረቤቱ ጋር? ይህን ረጋ ብሎ ያስተዋለ ሰው አንድ ብሎን ሳይፈታ ብልሽቱ ያለበትን ሰፈር ያውቀዋል።

የእኔ መኪና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጨረሻ የተሠራች፣ ባለ ካርቡሬተርና ኮምፒውተር የሚባል ነገር የሌለባት ናት። በአንድ ወቅት የሙቀቱ መርፌ ወደ ቀዩ መስመር መጠጋት ጀመረ። ያየው ሁሉ የየራሱን ፍርድ ሰጠ። አንዱ ራዲያተሩ ተደፍኗል አለ፤ ሌላው ቴርሞስታቱ (እንደ ሙቀቱ እየተከፈተ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው) ይቀየር አለ፤ ሦስተኛው የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በሞተሩ አካል መሃል ያለው ማሸጊያ) ተቃጥሏል ብሎ አስፈራራኝ። ማንም ያላነሳው ነገር ከዚያው መርፌ አጠገብ ነበር፤ በዚያው ሰሞን የነዳጁ መርፌም ከፍ ማለት ጀምሯል። በሰልባትዮው፣ ማለትም በነዳጅ ማጠራቀሚያው ውስጥ ግማሽ ነዳጅ እያለ ሦስት አራተኛ ያሳያል። የሞተር ሙቀትንና የነዳጅ መጠንን ምን ያገናኛቸዋል? በመኪናዋ ሆድ ውስጥ ምንም። ከዳሽቦርዱ ጀርባ ግን ኤሌክትሪክ የሚያገኙት ከአንድ ምንጭ ነው። ስለዚህ ራዲያተሩን አልነካሁም፤ ዳሽቦርዱን ፈታሁ።

በዚያ ዘመን በተሠሩ ብዙ መኪኖች ላይ የነዳጅና የሙቀት መለኪያዎች የሚንቀሳቀሱት በሙቀት ኃይል ነው። በመለኪያው ውስጥ ሁለት ዓይነት ብረቶች ጀርባ ለጀርባ የተጣበቁበት ቀጭን ዝርግ አለ፤ በላዩ ላይ ሽቦ ተጠምጥሟል። ኤሌክትሪክ በሽቦው ሲያልፍ ዝርጉ ይሞቃል። ሁለቱ ብረቶች በሙቀት የሚለጠጡት እኩል ስላልሆነ ይታጠፍና መርፌውን ይገፋል። እንግዲህ መርፌው የሚያውቀው ነገር ቢኖር በዚያ ሽቦ ውስጥ ስንት ኤሌክትሪክ እንዳለፈ ብቻ ነው፤ ስለ ነዳጅም ሆነ ስለ ውሃ የሚያውቀው የለም። የመኪና ባትሪ ደግሞ ሞተሩ ቆሞ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ዲናሞው ሲሞላው ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ነው። ቮልቱ እንዲህ ከፍና ዝቅ ሲል፣ ነዳጁ ሳይነካ መርፌው አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል።

ይህን ለመከላከል የተሠራችው አውራ ጣት የምታህል የቆርቆሮ ሳጥን የቮልት ማረጋጊያ ናት። በውስጧ እንዲሁ በሙቀት የሚታጠፍ ዝርግና ሁለት መገናኛ ነጥቦች አሉ። ሲሞቅ ይለያያሉ፣ ሲቀዘቅዝ ይገናኛሉ፤ ያለማቋረጥ እየቆረጠች እየቀጠለች በአማካይ የተወሰነ ቮልት ብቻ ታሳልፋለች። በእንግሊዞቹ የስሚዝስ መለኪያዎች ላይ ይህ አማካይ 10 ቮልት ነው፤ በፎርድና በክራይስለር አሮጌ መኪኖች ላይ 5 ቮልት ገደማ። መለኪያዎቹ ራሳቸው ቀርፋፎች ስለሆኑ መቁረጥና መቀጠሉ በመርፌው ላይ አይታይም። ይህን የፈጠረ መሐንዲስ ምስጋና ይገባዋል፤ በጥቂት ሳንቲሜትር ቆርቆሮ ውስጥ ይህን ያህል ብልሃት ማግኘት ሁልጊዜ ያስደስተኛል።

ሳጥኗ ግን ማሳ ትፈልጋለች፤ ማለትም አካሏ ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር በሚገባ መገናኘት አለበት። የውስጧ ማሞቂያ ሽቦ መመለሻው በዚያ በኩል ነውና። የያዛት ብሎን ከዛገ ወይም ከላላ ማሞቂያው አይሠራም፤ ማሞቂያው ካልሠራ ነጥቦቹ አይለያዩም፤ ነጥቦቹ ካልተለያዩ የባትሪው ሙሉ ቮልት ወደ መለኪያዎቹ ይገባል፤ ከእርሷ የሚመገቡት መርፌዎች ሁሉ ከፍ ብለው ያነባሉ። በእኔ መኪና የሆነው ይኸው ነው። ከብሎኑ ሥር ነጭ የዝገት ዱቄት ነበር። በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት ጠርጌ፣ ጥርስ ያለው ሮንዴላ (ከብሎን ሥር የሚገባ ቀለበት) አስገብቼ አጠበቅሁት፤ ሁለቱም መርፌዎች ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ራዲያተሩም፣ ቴርሞስታቱም፣ ጓርኒሲዮኑም ምንም አልሆኑም ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ «ስንት መለኪያ ተሳሳተ?» የሚል ይሁን። ሁለትና ከዚያ በላይ መርፌዎች በአንድ ጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ከሄዱ፣ ሁለት ሰንሰሮች (ነዳጁን ወይም ሙቀቱን ለክተው ለመርፌው የሚነግሩ ክፍሎች) በአንድ ሳምንት ተቃጠሉ ብሎ ማመን ይከብዳል፤ የጋራ የሆነውን ፈልጉ። ሁሉም ከፍ ካሉ ማረጋጊያዋ ወይም የእርሷ ማሳ። ሁሉም ከተኙ ፊውዙ፣ ወይም ነጥቦቿ የተቃጠሉ ማረጋጊያ። ለመፈተሽ ትንሽ ባለ 12 ቮልት አምፖል በመውጫዋና በማሳ መሃል ማገናኘት ይበቃል። ብልጭ ድርግም ካለ ትሠራለች። ሳይርገበገብ በሙሉ ብርሃን ከቆየ ነጥቦቹ ተጣብቀዋል ወይም ማሳ የላትም። በዲጂታል መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ መሣሪያ) ከለካችሁ ቁጥሩ ይዘላል፤ ያ መዝለል ጤንነት ነው፣ አትደናገጡ። በምትኳ በ7810 ወይም በ7805 የኤሌክትሮኒክስ ክፍል የተሠራ ማረጋጊያ ማስገባት ይቻላል፤ የመጀመሪያው 10፣ ሁለተኛው 5 ቮልት ይሰጣል። እርሱም ቢሆን ማሳ ካላገኘ አይሠራም።

መኪናችሁ ይህ ዓይነት መለኪያ እንዳለው ለማወቅ ዳሽቦርድ መፍታት አያስፈልግም። ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን አዙሩና መርፌውን ተመልከቱ። በዝግታ፣ ሰከንዶች ፈጅቶ ከወጣ በሙቀት የሚሠራ ነው። ወዲያውኑ ዘልሎ ቦታውን ከያዘ በጥቅልሎች መግነጢስ የሚሠራ ነው። ይህኛው የሁለት ጥቅልሎችን ጉልበት ስለሚያነጻጽር የቮልት መዋዠቅ እምብዛም አይነካውም፣ ማረጋጊያም አይፈልግም። እንዲህ ያለ መለኪያ ባለው መኪና ላይ ማረጋጊያ ሲፈልግ የሚውል ሰው የሌለ ነገር ይፈልጋል።

ማሳን በተመለከተ አንድ የምወደው ፈተና አለ፤ ምንም መሣሪያ አይጠይቅም። በምሽት መኪናውን አቁሙ፣ ሞተሩ ይሥራ፣ መርፌዎቹ ይረጋጉ። ከዚያ የፊት መብራቱን አብሩ፣ ፍሬቻ ስጡ፣ ፍሬን ርገጡ። መርፌ ከፍሬቻው ጋር አብሮ የሚዘል ከሆነ፣ ወይም መብራት ሲበራ ከቦታው የሚለቅ ከሆነ፣ የዳሽቦርዱ ማሳ ደካማ ነው። የመብራቱ ኤሌክትሪክ መመለሻ አጥቶ በመለኪያዎቹ መንገድ ይጋፋል ማለት ነው። በመልቲሜትር ማረጋገጥ ለሚፈልግ፣ አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን በዳሽቦርዱ ማሳ ላይ አድርጎ መብራቶቹ በርተው ይለካ። ከ0.1 ወይም ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ መስመሩ መጽዳት አለበት። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ወይ ከዳሽቦርዱ ሥር የላላ ብሎን፣ ወይ ከሞተር ወደ አካል የሚሄደው ጠፍጣፋ ሽቦ የተበላ ነው። በብዙ መኪኖች ላይ ከመለኪያዎቹ ጀርባ መዳብ የታተመበት ቀጭን የፕላስቲክ ወረቀት አለ። ሶኬቱ በሚገባበት ቦታ መዳቡ ይጠቁራል። በእርሳስ ላጲስ ቀስ ብሎ ማሸት ያጸዳዋል፤ የብርጭቆ ወረቀት ግን አይነካው፣ መዳቡ በጣም ስስ ነው።

አንድ መርፌ ብቻውን ሲሳሳት ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ ጥፋቱ በመለኪያው፣ በሽቦው ወይም በሌላው ጫፍ ባለው ሰንሰር ላይ ነው። መለኪያው ራሱ የሚበላሸው ከሦስቱ ሁሉ ባነሰ ጊዜ ነው፤ ሆኖም ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው እርሱን ነው። ይህ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ሽቦውን ከሰንሰሩ ነቅሎ መርፌው ምን እንደሚል ማየት የደቂቃ ሥራ ነው። ሽቦው ተነቅሎ መርፌው ወደ አንዱ ጫፍ፣ ሽቦው ማሳ ሲነካ ወደ ሌላው ጫፍ ከሄደ፣ መለኪያውና ሽቦው ደህና ናቸው፤ ጥፋቱ ከሰንሰሩ ነው። በሙቀት የሚሠራ መለኪያን ግን በቀጥታ ማሳ ማስነካት ሊያቃጥለው ይችላል። 10 ኦም የሆነ ሬዚስተር (ኤሌክትሪክን የሚገታ ትንሽ ክፍል፤ ኦም የመግታት አቅሙ መለኪያ ነው) በመሃል አስገብታችሁ፣ ለአጭር ጊዜ ብቻ ሞክሩት።

የትኛው ጫፍ «ሙሉ» እንደሆነ በየፋብሪካው ይለያያል። በአሮጌ ፎርዶች የነዳጅ ሰንሰሩ ባዶ ሲሆን 73፣ ሲሞላ 10 ኦም ነው። በብዙዎቹ የጄኔራል ሞተርስ መኪኖች ተቃራኒ ነው፤ ባዶ 0፣ ሙሉ 90። ገበያ ላይ እንደ አጠቃላይ መለዋወጫ የሚሸጡት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ240 እስከ 33 ኦም ናቸው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ሰንሰርና መለኪያ ከተለያየ ቤተሰብ ከመጡ ሁለቱም አዲስ ቢሆኑ እንኳ መርፌው ትክክል አይሆንም። «አዲስ ሰንሰር ገብቶለት ጭራሽ ባሰበት» የሚለው ቅሬታ በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ነው።

ከሰልባትዮው ማሳ የሚመጣው ስህተት በተለይ አሳሳች ነው። ሰልባትዮ በጎማ ላይ ተቀምጦ፣ በቀለም ተሸፍኖ፣ በጭቃ ተመቶ የሚኖር ዕቃ ስለሆነ የራሱ የማሳ ሽቦ ያስፈልገዋል። ያ ሽቦ ሲዝግ በመስመሩ ላይ ኦም ይጨምራል። ኦም ሲበዛ ዝቅ በሚያነበው መኪና ላይ መርፌው ሰልባትዮው ሞልቶ እንኳ «ሙሉ» ላይ አይደርስም። ኦም ሲበዛ ከፍ በሚያነበው ላይ ግን ያው ዝገት ነዳጅ የሌለውን መኪና ነዳጅ አለው ያሰኘዋል። ሁለተኛው በመንገድ ላይ ያስቀራል። አዲስ ሽቦ ከሰንሰሩ ክዳን ወደ ንጹሕ የመኪና አካል መዘርጋት ሰንሰር ከመግዛት በፊት መደረግ ያለበት ነው።

ሰንሰሩ ራሱ መውጣት ካለበት ጥንቃቄው የማይታለፍ ነው። ሰልባትዮው ሞልቶ አይሁን፤ ሥራው ከቤት ውጭ፣ የባትሪው ኔጋቲቭ ተነቅሎ፣ ሲጋራም ሆነ ብልጭታ የሚያወጣ ማንኛውም ነገር ርቆ ይሠራ። የቤንዚን እንፋሎት ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፣ ራቅ ብሎ ያለ እሳትም ያገኘዋል። ሰንሰሩ ከወጣና ከደረቀ በኋላ ኦም መለኪያ አገናኝታችሁ በነዳጁ ላይ የሚንሳፈፈውን ክፍል የያዘውን ክንድ ቀስ እያላችሁ ከታች ወደ ላይ አንሱት። ቁጥሩ ሳይቋረጥ መለወጥ አለበት። በአንድ ቦታ ላይ ብቻ ዘልሎ የሚመለስ ከሆነ በዚያ ከፍታ ላይ ሽቦው ተበልቷል፤ መርፌው ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ላይ ድንገት የሚወድቀው ለዚህ ነው። ተንሳፋፊውን አናውጡት። ውስጡ ፈሳሽ ከተሰማችሁ ቀዳዳ አለው፤ ነዳጅ ጠጥቶ ስለከበደ ሰልባትዮው ቢሞላም መርፌው ከታች አይነሳም።

ሙቀትን በሚመለከት ቀድሜ የምለው፣ መርፌውን ከመጠራጠር በፊት ሞተሩን መለካት ይገባል። በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር የቴርሞስታቱን ቤት መለካት ይቻላል፤ ነገር ግን የሚያብረቀርቅ ብረት ሙቀቱን አሳንሶ ያሳያል። ጥቁር ቴፕ ለጥፋችሁ በቴፑ ላይ ለኩ። ብዙ ቴርሞስታቶች ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይከፈታሉ። ሞተሩ በእርግጥ ቀዝቃዛ ከሆነና መርፌው ዝቅ ካለ፣ መለኪያው እውነቱን እየተናገረ ነው፤ ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ቀርቷል።

የሙቀት ሰንሰር ሲሞቅ ኦሙ ይቀንሳል። በሚፈላ ውሃ ውስጥ አንጠልጥላችሁ ኦሙን ለክታችሁ ከመኪናው መጽሐፍ ጋር ማመሳከር ትችላላችሁ። በዚህ ፈተና ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ወለል ላይ መሆኑን ነው። በየ300 ሜትሩ ከፍታ 1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፤ በ2,400 ሜትር ላይ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ይህን ሳያስቡ ደህና ሰንሰር ይጥላሉ። ሌላው፣ ባለ አንድ ሽቦ ሰንሰር ማሳ የሚያገኘው በጥርሱ በኩል ነው። የቧንቧ ሠራተኛ ነጭ ቴፕ ወፍራም አድርጎ የጠቀለለበት ሰው መርፌውን ራሱ ዝቅ አድርጎታል።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ የሙቀት ስህተት ግን መርፌው ዝቅ ብሎ ሞተሩ ሲቃጠል ነው። ውሃ ጎድሎ ሰንሰሩ በአየር ወይም በእንፋሎት ውስጥ ከቀረ የብረቱን ሙቀት በሚገባ አይቀበልም። ሲሞቅ የነበረ መርፌ ያለ ምክንያት ድንገት ከወደቀ ደስ አይበላችሁ፤ አቁሙ፣ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ የውሃውን መጠን እዩ።

የዘይት ግፊት መለኪያ ላይ ሕጌ ተቃራኒ ነው። በሌሎቹ ላይ መጀመሪያ ኤሌክትሪኩን እጠረጥራለሁ፤ በዚህ ላይ ግን ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ መርፌው እውነት ተናግሯል ብዬ ሞተሩን አጠፋለሁ። ከዚያ ሰንሰሩን ፈትቼ በቦታው በቀጥታ በዘይቱ የሚሠራ ሜካኒካል መለኪያ አስገባለሁ። ሞተሩ በሙሉ ሙቀቱ ላይ ሳለ በየ1,000 ዙሩ 10 ፒኤስአይ፣ ማለትም 0.7 ባር ገደማ የሚለው የመካኒኮች ሕግ ሻካራ ቢሆንም ይረዳል፤ የመጨረሻው ቃል ግን የመኪናው መጽሐፍ ነው። አንዳንድ ፋብሪካዎች ደግሞ ከመለኪያው ኋላ እንደ ማብሪያ ያለ ሰንሰር ብቻ አስቀምጠዋል። መርፌው ግፊት ካለ መሃል ላይ ይቆማል፣ ከሌለ ይወድቃል፤ በመሃሉ የሚለካው ነገር የለም። መሃል ላይ ደርቆ ለዓመታት ያልተንቀሳቀሰ የዘይት መርፌ ያለው ሰው ይህን ይመርምር።

የፍጥነት መለኪያው ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው፤ በአሮጌ መኪና ላይ ኤሌክትሪክ አይጠይቅም። ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) የሚመጣ ገመድ ማግኔት ያሽከረክራል። ማግኔቱ ሳይነካው አጠገቡ ያለውን የአሉሚኒየም ኩባያ ይጎትታል፤ ቀጭን ሞላ ኩባያውን ወደ ኋላ ይስባል፤ መርፌው የቆመበት ሁለቱ የተመጣጠኑበት ነው። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ግን ከዚያው ገመድ በጥርሶች ይነዳል፤ ማግኔትም ሞላም አያውቅም። ልዩነቱ ድንቅ መመርመሪያ ነው። ርቀታቸው የታወቁ የመንገድ ምልክቶች ባሉበት መንገድ ላይ ቆጣሪውን አመሳክሩ። ቆጣሪው ትክክል ሆኖ መርፌው ብቻ ከተሳሳተ ጥፋቱ በማግኔቱ ወይም በሞላው ነው። ሁለቱም በአንድ መጠን ከተሳሳቱ ከጎማው ወይም ከካምቢዮው ጥርስ ነው። መርፌው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ገመዱ ደርቋል ወይም በጣም ታጥፏል። ለመርፌው ደግሞ ሰዓት ይበቃል፤ በ60 የሚሄድ መኪና አንድ ኪሎ ሜትር በ60 ሰከንድ፣ በ80 የሚሄድ በ45 ሰከንድ ይጨርሳል።

ጥቂት ከፍ ብሎ ማንበቡ በራሱ ብልሽት አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 39 መለኪያ ከእውነተኛው ፍጥነት በታች እንዳያሳይ ይከለክላል፤ ከፍ ሲል ግን ከእውነተኛው ፍጥነት አንድ አሥረኛና በላዩ 4 ኪሎ ሜትር ድረስ ይፈቅዳል። በእውነተኛ 100 ላይ እስከ 114 ቢያሳይ በደንቡ ውስጥ ነው ማለት ነው። ዝቅ ብሎ ማንበብ ነው አደገኛው፤ እርሱም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ጎማ ሲቀየር ነው። ባለ 175/70 13 ጎማ ዲያሜትሩ 575 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በምትኩ ትልቅ ቸርኬ ላይ ባለ 185/70 14 ከገባ 615 ይሆናል፤ ወደ 7 በመቶ ይጨምራል። መለኪያው በፊት ትክክል ከነበረ አሁን 100 ሲያሳይ መኪናዋ በ107 ትሄዳለች። ቆጣሪውም በዚያው መጠን ያሳንሳል። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይት የሚቀይር ሰው በቆጣሪው 5,000 ሲሞላ መኪናው 5,340 ገደማ ሄዳለች፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ ጎማ ካስገባችሁ ዘይቱን ቆጣሪው 4,680 ላይ ሲደርስ ቀይሩት።